ታላቅ ሳታገባ ታናሽን መዳር ነውር ነው የሚባለው እስከ መቼ ነው?

ታላቅ_እህት

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

33 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ሂሳብ ክፍል እሠራለሁ፤ የምኖረው ከእናቴና ከእህቴ ጋር ነው። እህቴ 27 ዓመቷ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የምታውቀው ጓደኛ አላት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ቤታችንም ይመጣል። በቅርቡ ሽማግሌ ለመላክ አስቦ በዘመድ በኩል ለእናቴ አስነገረ። እናቴ እሺም እምቢም ሳትል ነገሩን አድበስብሳ አለፈችው። ኋላ ስሰማ አጎቴ ነው "ታላቂቱ ቤት ተቀምጣ ታናሺቱን ብንድር ሰው ምን ይለናል? ትንሽ ይታገሱ" ያለው።

ለእኔ ማንም አልነገረኝም። እህቴ ናት አንድ ማታ ዕቃ እያጠብን ያወጣችው። ሳህኑን እያለቀለቀች፣ ቀና ሳትል፣ "እኔ እጠብቃለሁ፣ ምንም አይደል" አለችኝ። ምኑን ነው የምትጠብቀው? እኔ አሁን የያዝኩት ሰው የለም። የነበረኝ ግንኙነት በስምምነት ካበቃ ቆይቷል። ትዳር ጠልቼ አይደለም፣ የሚሆነኝን ሰው ካገኘሁ አገባለሁ። ካላገኘሁ ግን ሕይወቴ ባዶ ነው ብዬ አላስብም። ሥራዬን እወዳለሁ፣ ጥሩ ጓደኞች አሉኝ፣ እሑድ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምራለሁ። ደስተኛ ነበርኩ፣ በእውነት።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ተለወጠ። እናቴ ጠበል ታመጣልኛለች። ጎረቤት ቡና ላይ ስሜ ይነሳል፣ ስገባ ወሬው ይቆማል። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ዴንቨር የሚኖር የ47 ዓመት ሰው ፎቶ በቴሌግራም ተላከልኝ፤ ከሥሩ "ጥሩ ሰው ነው፣ እንዳታሳልፊው" የሚል ተጽፎበታል። ሰውየውን አላውቀውም፣ እሱም አያውቀኝም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እህቴን እንዲለቋት ምን ብዬ ላናግራቸው? ሁለተኛ፣ ቤት ተከራይቼ ብወጣ ነገሩ ይቀላል ወይስ ይብስበታል?

የሽሮሜዳ_ልጅ

እህቴ፣ አጎትሽ ጋ ራስሽ ሂጂ። በእናትሽ በኩል አትላኪበት፣ በሰው የሚሄድ ነገር መንገድ ላይ ይጣመማል። እኛ ቤትም ይሄው ደርሷል። ትልቋ እህታችን ሳታገባ ሁለተኛዋን የሚጠይቅ መጣ። አያታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሽማግሌዎቹ የሚመጡ ዕለት ጠዋት ትልቋን ጠርተው "ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?" አሏት። "እሰየው ነው፣ ይስጧት" አለች። በቃ። ሰፈሩ ትንሽ አወራ፣ ከዚያ ሌላ ወሬ አገኘ። አጎትሽ የፈራው አንቺ እንዳይከፋሽ ከሆነ፣ እንደማይከፋሽ ካንቺው አፍ ይስማ።

ጋሽ_መዝገቡ

ልጄ፣ እኔ 66 ዓመቴ ነው፣ ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ገጠር ነው። ወጉ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ፣ ያለ ምክንያት አልነበረምና።

በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ በ13 በ14 ዓመቷ ትዳራለች። ታላቂቱ ታልፋ ታናሺቱ ከተዳረች አገሩ "ምን ጉድለት ቢኖርባት ነው?" ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቃት አይገኝም። ስለዚህ ወጉ ለታላቂቱ መከታ ነበር። ወንዱም ብቻውን ተነስቶ አያገባም። አባቱ ከመሬቱ ይቆርስለታል፣ በሬ ይሰጠዋል፣ የሴቷም ወገን ከብት ያወጣል፣ ሁለቱ ቤተሰብ ተስማምተው ጎጆ ያወጧቸዋል። መቼ ይጋቡ የሚለውን የሚወስነው መሬቱና ከብቱ እንጂ የልጆቹ ልብ አልነበረም። ታላቅ እህቴ ስትዳር እኔ ልጅ ነበርኩ፣ በበቅሎ ስትሄድ እስከ ወንዙ ድረስ ተከትያታለሁ። እያለቀሰች ነው የሄደችው። ደስ ብሏት እንደሆነ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ይጠየቃል ተብሎም አይታሰብ።

ሕጉም ከዚያ ብዙ አይርቅም ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ብሎ ነው ያስቀመጠው። ለሁለቱም 18 የሆነው በ1992 በወጣው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ያ ማለት ዛሬ እናት የሆኑ ብዙ ሴቶች ያደጉት በድሮው ሕግ ነው።

አንቺ ግን የራስሽ ደመወዝ አለሽ። መሬት የሚቆርስልሽ አትጠብቂም፣ እህትሽም አትጠብቅም። ወጉ የቆመበት መሠረት ዛሬ የለም። ቢሆንም አጎትሽን "ይሄ ኋላቀር ነው" ብለሽ አትጀምሪው፣ ይከፋዋል፣ ከተከፋ ደግሞ አይሰማሽም። የሚያከብረውን ሰው ይዘሽ ሂጂ። የንስሐ አባታችሁ ቢሆኑ መልካም ነው።

ሰላም_ነኝ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ "መከታ" የሚለው አልተዋጠልኝም። ታናሺቱ ታስራ ትቀመጣለች፣ ታላቂቱ በገዛ ቤቷ ትሸማቀቃለች፤ ማን ነው የተጠበቀው?

ወንድሜ 38 ዓመቱ ነው፣ አላገባም፣ "ገና ራሱን እያደራጀ ነው" ይባላል። እኔ 29 ነኝ፣ "ቁሞ ቀር እንዳትሆኚ" እባላለሁ። ለወንድ ቁሞ ቀር ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ደግሞ ጥያቄው በጋብቻ የሚያበቃ ቢሆን አንድ ነገር ነበር። ጓደኛዬ ስታገባ ገና በመልሱ ዕለት አንዷ አክስት ሆዷን እየነካች "በሚቀጥለው ዓመት በዚህ ሰዓት ክርስትና እንበላለን" አለቻት። ልጅቷ የሐበሻ ቀሚሷን እንኳ አላወለቀችም። አንድ ስትወልድ ሁለተኛውስ ይሏታል። ሴት ከሆነች ወንድስ ይሏታል። ስለዚህ ታላቅ እህት፣ ጥያቄውን ለመገላገል ብለሽ ብታገቢ ጥያቄው አይገላግልሽም፣ ስሙን ቀይሮ ይመጣል።

ወንዱም_ይጠየቃል

ሰላም፣ ለወንድ ቃሉ ይለያል እንጂ ጥያቄው አይቀርም። "ቤት አለህ?" ነው የእኛ። እኔ 36 ዓመቴ ነው። በ2005ቱ ምዝገባ ለኮንዶሚኒየም ተመዘገብኩ፣ 20/80 ባለ አንድ መኝታ፣ በወር 274 ብር። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፣ ሥራ ጀምሬአለሁ፣ ሂሳቤ ቀላል ነበር፤ ቤቱ ይደርሰኛል፣ አገባለሁ፣ እወልዳለሁ። ዕጣ በወጣ ቁጥር ስሜን ፈለግሁ። ዛሬም አልደረሰኝም። እጮኛ ነበረችኝ፣ ዓመታት አብረን ጠበቅን። ቤተሰቦቿ "የት ልታስገባት ነው?" ይሉኝ ነበር፣ ጥያቄያቸው ክፋት አልነበረውም፣ ለልጃቸው ነው። በመጨረሻ ሁለታችንም ደከመን። እሷ አሁን አግብታ ወልዳለች፣ እግዚአብሔር ያሳድግላት፣ ከልቤ ነው።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ የኪራዩም የቬሎውም የአዳራሹም ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ። በድሮ ዋጋ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ዛሬ ለሰርግ ድግስ አይበቃም። ሰው ግን የሚጠይቀኝ ዕድሜዬን ነው። "36 ሞልቶህ ምን ትጠብቃለህ?" ይላል። የምጠብቀው ነገር በእኔ እጅ ያለ ይመስል!

አሁን ሌላ ሰው አውቄአለሁ። ክብር መዝገብ ፊት ሁለት ሁለት ምስክር ይዘን ልንፈራረም፣ ከዚያ ሁለቱን ቤተሰብ ምሳ ልንጋብዝ ተነጋግረናል። እሷ ደስተኛ ናት፣ እኔም። እናቴ ግን "ያለ ሰርግ? ያለ ሚዜ? ያለ ቅልቅል? እኔ የስንቱን በልቼ" ብላ አኩርፋኛለች። የእሷ ሐሳብ ይገባኛል፤ ስንት ዓመት በየሰው ሰርግ ሽንኩርት ከትፋለች፣ እንጀራ ጋግራለች፣ ተራዋን ነው የጠበቀችው።

ከኩዌት

ሁላችሁንም አነበብኩ። እኔ ኩዌት ሰው ቤት ነው የምሠራው። 35 ዓመቴ ነው፣ ስመጣ 20 ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ፣ ከዚያ አገባለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። በ2006 መንግሥት ወደ ዓረብ አገር የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ። ከገባሁ መውጫ የለም ብዬ ፈርቼ ኮንትራቴን አደስኩ። እገዳው የተነሳው 2010 ላይ ነው። በዚያ መካከል የእናቴ ቤት ከጭቃ ወደ ብሎኬት ተለወጠ፣ ሁለት ወንድሞቼ ተማሩ፣ አንደኛው ተዳረ።

ሰርጉን ያየሁት በኢሞ ነው። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቼ ስልኬን ማሽኑ ላይ አቁሜ፣ ማዳም እንዳትሰማ ድምፁን ቀንሼ። ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ ኔትዎርኩ ተቆረጠ። ሲመለስ ሰው ሁሉ እየበላ ነበር። ስልኩን የያዘው የአክስቴ ልጅ ለአንድ ሽማግሌ "እህቱ ናት፣ ድግሱን የደገሰችው" ሲል ሰማሁት። ሽማግሌው ወደ ስልኩ ተጠግተው "አንቺስ መቼ ነው?" አሉኝ።

እናቴ ስደውልላት "ዓለምሽን ሳላይ እንዳልሞት" ትለኛለች። እወዳታለሁ፣ ግን ያመኛል። ያን ቤት ያቆምኩት እኮ በእነዚያ ዓመታት ነው። ቤቱን ያየ ሰው ዓመታቱን አያይም፤ እኔን ሲያይ ደግሞ ዓመታቱን ብቻ ነው የሚያየው። ለራሴ ግን እነግራታለሁ፣ ባክነሽ አልቀረሽም እላታለሁ።

ታላቅ እህት፣ አንድ ነገር ብቻ አደራ። ዕድሜ ሄደብኝ ብለሽ የማታውቂው ሰው ላይ አትውደቂ። እዚህ አብራኝ የነበረች ልጅ በስልክ ብቻ ላወቀችው ሰው ለሰርግ ለቤት ዕቃ እያለች ያጠራቀመችውን ሁሉ ላከች። አገር ስትገባ ባለትዳር ሆኖ አገኘችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እሷ ግን የምትለቅመው እንኳ አልተረፋትም፣ ተመልሳ እዚሁ መጣች።

መቀሌ_12ኛ

ከእናንተ ሁሉ በዕድሜ አንሳለሁ መሰለኝ፣ ግን ጉዳዩ የእኔም ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና መፈተን የነበረብኝ በ2012 ነው። መጀመሪያ በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። የተፈተንኩት 2016 መጀመሪያ ላይ ነው። ሌላ አካባቢ ያሉ እኩዮቼ ሊመረቁ ሲሉ እኔ ገና ፍሬሽማን ልገባ ነበር። አሁን ክፍል ውስጥ ትልቋ እኔ ነኝ፣ ዶርም ውስጥ "እትዬ" ይሉኛል፣ በፍቅር ነው።

ሰው "በጊዜው" ሲል ጊዜው ለሁሉም እኩል የተሰጠ ያስመስለዋል። ሌላው የአገራችን ክፍልም ቢሆን በ2014 ከተፈተነው ተማሪ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ቀሪው ልጅ ሁሉ ዕድሜው ቆሞ አልጠበቀውም። እኔ ተመርቄ ሥራ ስይዝ 27 ወይም 28 ይሆነኛል። ከዚያ ማግስት ጀምሮ "ትዳርስ?" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ያጣሁትን ዓመት ማን እንደወሰደው ግን የሚጠይቅ የለም።

ሲስተር_አዋላጅ

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስለ መውለድ ብዙ ወሬ ስለሚናፈስ እኔ የማውቀውን ልጻፍ። በ30 ዓመት በር የሚዘጋ አስመስሎ ሴቶችን ማስፈራራት ልክ አይደለም። ዕድሜ ለውጥ አያመጣም ማለትም ልክ አይደለም። የመውለድ አቅም በ30ዎቹ ውስጥ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ ከ35 በኋላ ይፈጥናል፣ ከ40 በኋላ በጣም ይከብዳል። የወንዱም ዕድሜና ጤና ይቆጠራል፤ ሳትወልድ ስትቀር ግን መጀመሪያ የምትመረመረው፣ ጠበል የምትዞረው፣ የምትሰደበው ሴቷ ናት። ባሏን "አንተም ተመርመር" የሚለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከስድስት አዋቂዎች አንዱ በሕይወቱ የመካንነት ችግር እንደሚገጥመው ገልጿል። ብርቅ ነገር አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው፤ ጥያቄ ያላችሁ ከጎረቤት ይልቅ ሐኪም ጠይቁ።

"ቶሎ" የሚባለውም ዋጋ እንዳለው አትርሱ። በ2008 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ግማሾቹ 17 ዓመት ከጥቂት ሳይሞላቸው ያገቡ ናቸው። የወንዶቹ 23.7 ነው። ሰውነቷ ሳይጠና የምትወልድ ልጅ ምጥ ይዟት ቀናት ስትቆይ ምን እንደሚደርስባት አይቻለሁ። የሃምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ሴቶችን ሲያክም የኖረው በዚህ ጉዳት ነው። እነዚያ ልጆች "በጊዜ" ተዳሩ ተብሎ እልል ተብሎላቸዋል። ስለዚህ ታላቅ እህት፣ ልጅ መውለድ የምትፈልጊ ከሆነ ይሄን በልብሽ ያዢው፣ ሐኪም አማክሪ። ካልፈለግሽም የራስሽ ነው። የእህትሽ ሰርግ ግን ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ሯጭ_ነበርኩ

ደራርቱን አስታውሱ እንጂ! ባርሴሎና ላይ እ.ኤ.አ. በ1992 ወርቅ አመጣች። ከዚያ ተጎዳች፣ ወለደች፣ ሰው "አበቃላት" አለ። በ2000 ሲድኒ ላይ እንደገና ወርቅ። በ2009 ደግሞ በ37 ዓመቷ ኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ማሞ ወልዴም ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር። መዘግየት የሚባል ነገር የለም።

ሰላም_ነኝ

ሯጭ፣ ደራርቱን ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ማን አይለውም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሰው ሳያገባ ሳይወልድ በሰላም እንዲተው የግድ የኦሊምፒክ ወርቅ ማምጣት አለበት? "አላገባችም፣ ግን ዶክተር ሆነች" ሲባል እንሰማለን። ያ "ግን" ምን ያደርጋል እዚያ? ተራ ሥራ ይዛ፣ ተራ ቤት ውስጥ፣ ማታ ሻይዋን ጠጥታ በሰላም የምትተኛ ሴትም ደስተኛ ልትሆን ትችላለች። ለማንም ማካካሻ መክፈል የለባትም።

ሥነልቦና_ያጠና

ይህ ነገር ከተጠና ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዋ በርኒስ ኑጋርተንና ባልደረቦቿ አሜሪካኖችን "ሰው በስንት ዓመቱ ቢያገባ፣ ሥራ ቢይዝ፣ አያት ቢሆን ጥሩ ነው?" ብለው ጠይቀው፣ የብዙው ሰው መልስ ተመሳሳይ ሆኖ አገኙት። ኅብረተሰቡ ሰዓት አለው፣ እያንዳንዱም ሰው ቀደምኩ ወይስ ዘገየሁ እያለ በዚያ ይለካል አሉ። አሜሪካ ያኔ የነበረው ሰዓት ዛሬ የለም፤ የሚያገቡበት ዕድሜ በብዙ ዓመት ገፍቷል። ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተገፋ።

ሌላው፣ ጀርመን ውስጥ ከ24 ሺህ በላይ ሰዎችን ለ15 ዓመት የተከታተለ ጥናት ነበር። ሰዎች በሚያገቡበት ሰሞን እርካታቸው ከፍ ይላል፣ ከዚያ በአማካይ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። አንዳንዱ ከፍ እንዳለ ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ከነበረበት ይወርዳል። ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ "ስታገቢ ደስ ይልሻል" የሚለውን ከቀን ጋር አታያይዙት፣ ከሰው ጋር አያይዙት።

እናት_ነኝ

ልጆቼ፣ የእናቶችን ወገን የሚናገር ስለጠፋ እኔ ልናገር። ያላገባች የ34 ዓመት ልጅ አለችኝ። እውነት ነው፣ እጨቀጭቃታለሁ። ዕድር ላይ ስንቀመጥ የመጀመሪያው ጥያቄ "ልጆች እንዴት ናቸው?" ነው፣ ሁለተኛው "ትልቋስ?" ነው። አቀርቅሬ ጣቴን እቆጥራለሁ። ግን የሰው አፍ ብቻ አይደለም። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። እኔ ሳልፍ ማን አላት? ስትታመም ማን ውኃ ያቀብላታል? እኛ ጡረታ የለንም፣ መጦሪያችን ልጅ ነው፤ ልጄ ያለ ልጅ ስትቀር የማየው ብቻዋን አልጋ ላይ ሆና ነው። ፍርሃት ነው ልጄ፣ ንቀት አይደለም።

አንድ ቀን ልጄ ቁጭ ብላ "እማ፣ ስታመም የምጠራቸውን ሰዎች ልንገርሽ" ብላ ስማቸውን ዘረዘረችልኝ። ጎረቤቷን፣ ሁለት ጓደኞቿን፣ የአክስቷን ልጅ። በራሷ ስም ዕድር እንደገባችም ነገረችኝ። ዝም ብዬ ሰማሁ። ምን ልበላችሁ፣ ትዳሯን አሁንም እለምናለሁ፣ ግን ያን ሌሊት ተኝቻለሁ። አንቺም ለእናትሽ እንዲያ አድርጊላት። "ተዪኝ" ስትያት ፍርሃቷ ይብሳል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ስለ ዴንቨሩ ሰውዬ አንድ ነገር ልበል፣ ማንም እንዳይቀየመኝ። እዚህ ብዙ ወንድ 40 አልፎት የሚያገባው ወድዶ አይደለም። ጥገኝነት ጠይቆ የወረቀቱን ውጤት ዓመታት ይጠብቃል፣ ቀን ፓርኪንግ ማታ ታክሲ ይሠራል፣ አገር ቤት ገንዘብ ይልካል። ወረቀቱን ሲያገኝ ፀጉሩ ሸብቷል። አገር ቤት ደግሞ "አሜሪካ ሆኖ ምን አጥቶ ነው?" ይባላል። ስለዚህ 47 ስለሆነ አትናቂው። ግን በፎቶም አትቀበዪው። ከዚህ በፊት አግብቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ልጅ እንዳለው፣ ወረቀቱ ምን ላይ እንዳለ በግልጽ ጠይቂው። አገር ቤት መጥቶ ተገናኙ፣ ቤተሰቡን እዪ። ይሄን ሲሰማ የሚቀየም ከሆነ ቀድሞ መታወቁ ጥሩ ነው። ካልወደድሽውም "አይሆንም" በይና ጨርሺ፣ ሰውየውንም ተስፋ እያሰጡ ማቆየት ግፍ ነው።

ታላቅ_እህት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከእህቴ ጋር ቁጭ ብለን ነው ያነበብነው። ጋሽ መዝገቡ፣ እንዳሉኝ የንስሐ አባታችንን ይዤ አጎቴ ጋ ሄድኩ።

ያልጠበቅኩትን ነው የሰማሁት። አባቴ ሲያርፍ ለአጎቴ "ትልቋን አደራ" ብሎት ነበር። እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። አጎቴ ታናሺቱን አስቀድሞ ቢድር አደራውን የበላ መስሎት ነው ለካ። "ወንድሜን ምን ብዬ እመልስለታለሁ?" ብሎ ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔም "አደራህን ተወጥተሃል፣ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ ሠርቼ የምበላው ባንተ ነው" አልኩት። አባም "አደራው ልጅቷ እንድትኖር ነው፣ ኖራለች" አሉት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ "ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አንቺም ትቀመጫለሽ?" አለኝ። "ከጎንህ" አልኩት። የነቢያት ጾም ሳይገባ ይምጡ ተብሏል። ለጥር አይደርስም፣ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። እህቴ ዛሬ ስትስቅ ሰማኋት።

እናቴ ግን ገና ናት። ያን ዕለት ማታ እራት አልበላችም። የዴንቨሩንም ሰው አልተወችውም። እናት ነኝ ያሉኝን አንብቤላታለሁ፣ "ይቺስ ገብቷታል" አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። የሁለተኛው ጥያቄዬ መልስ ግን እስካሁን የለኝም። ልውጣ ወይስ ልቆይ?

ጋሽ_መዝገቡ

ልጄ፣ አጎትሽን ሳላውቀው ወደድኩት። ስለ ቤቱ፣ ከሰርጉ በፊት አትውጪ። "በእህቷ ሰርግ ተቀይማ ወጣች" ይባላል፣ የእህትሽ ደስታ ላይ ጥላ ይሆናል። ከመልሱ በኋላ ግን ብትወጪ እኔ በበኩሌ ነውር አይታየኝም። እናትሽ ብቻዋን እንዳትሆን ብቻ ቅርብ ሰፈር ያዢ።

ከኩዌት

እኔም እስማማለሁ። ግን ጋሼ፣ እናት ብቻዋን እንዳትሆን የሚለው ሸክም ሁልጊዜ ያላገባችው ላይ ነው የሚወድቀው። የሚያገባው ሁሉ ይሄዳል፣ ያላገባችው እናት ትጠብቃለች፣ ከዚያ ደግሞ "ለምን አታገቢም?" ትባላለች። ከእህትሽ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩበት፣ ሳምንቱን ተከፋፈሉት። ከሰርግ በኋላ መነጋገር ይከብዳል።

ሰላም_ነኝ

ቤት ስትፈልጊ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቡት። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ይላል፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር መብለጥ የለበትም። ለብቻዋ ለምትከራይ ሴት አከራይ ብዙ ጥያቄ ያበዛል፤ "ባልሽ የት ነው?"፣ "ማን ይመጣል?" ይላል። ስድስት ወር ክፈይ የሚልም አለ፣ እሺ አትበዪ።

ደግሞ እኔም ከቤት ለመውጣት እያሰብኩ ነው። ብቻዬን አቅሜ አይችልም፣ ሁለት ከሆንን ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም እንችላለን። ጎሮ ወይም ሰሚት አካባቢ ብዙ አለ። ለእናትሽ ይቀርባል?

ታላቅ_እህት

ጎሮ ይቀርበናል፣ በአንድ ታክሲ ነው። በውስጥ መልእክት ጻፍኩልሽ፣ እዪው።